ሽማግሌ ያልደረሰበት ሮክ

ድሬዳዋ ውስጥ ሁለት ሰዎች ለብቻቸው ሊጣሉ አይችሉም። ቀፊራ ገበያ የተነሣ ጭቅጭቅ ገና ድምፁ ከፍ ሲል የአስታራቂው ቁጥር ከጠበኞቹ ይበልጣል፤ አንዱ እጅ ይይዛል፣ አንዱ ቀዝቃዛ ውኃ ያስመጣል፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ያልሰማው ሦስተኛው ሰው ደግሞ «አቦ ተዉት፣ ሙቀቱ ነው!» ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ይግባኝ የለውም። ጥፋቱ ከሁለቱም ላይ ተነሥቶ ለፀሐይ ይሰጣል፣ ፀሐይም እስከ ዛሬ ተቃውሞ አቅርባ አታውቅም። እንግሊዝ አገር ተወልደው የሮክ ባንድ ያቋቋሙ ወጣቶች ዕድለ ቢስነታቸው የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ በዚያ ሰማይ ሥር የተጣላ ሰው የሚያሳብብበት ሙቀት ስለሌለው ጥፋቱ ዕድሜ ልኩን በጓደኛው ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ኪንክስ የሚባለውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ነገር እንውሰድ። በ1965 ካርዲፍ ከተማ መድረክ ላይ ሳሉ ጊታሪስቱ ዴቭ ዴቪስ ከበሮ መቺውን ሚክ አቮሪን ሰድቦ ከበሮውን በእርግጫ መታበት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጠራው ጠቡ የእነሱ ስለሆነ ነው።) አቮሪም የጸናጽሉን ማቆሚያ ብረት አንሥቶ አናቱን አለው። ዴቪስ ራሱን ስቶ ወደቀ፣ ቁስሉም በ16 ስፌት ተሰፋ፤ አቮሪ የገደለው መስሎት ሸሽቶ ተደበቀ። በኋላ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ግን ለማንኛውም የሰፈራችን ጠበኛ ትምህርት የሚሆን ነው፤ መሣሪያ መወራወር የአዲሱ ትርኢታችን አካል ነው አለ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከዚያ በኋላ እስከ 1984 ድረስ በአንድ ባንድ አብረው ሠርተዋል።

ባንድ ሲፈርስ ለጋዜጠኛ የሚነገረው ምክንያት ሁልጊዜ የተከበረ ነው፤ የሙዚቃ አመለካከት ልዩነት ይባላል። ጓዳውን ላየው ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ብስኩት ነው። የቢትልስ የድምፅ መሐንዲስ የነበረው ጄፍ ኤመሪክ እንዳወሳው፣ በ1969 ስቱዲዮ ውስጥ ዮኮ ኦኖ ሳትጠይቅ ብስኩቱን ስትወስድበት ጆርጅ ሃሪሰን ጮኸ፣ ጆን ሌኖንም ስለ ሚስቱ ተቆጣ። እርግጥ ነው፣ ፖል ማካርትኒ በ1970 የመጨረሻ ቀን ሦስቱን ጓደኞቹን ፍርድ ቤት ያቆማቸው በሥራ አስኪያጅ ጉዳይ እንጂ በብስኩት አልነበረም። እኔ ግን በርጫ ሳይ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ የብስኩቱን ክብደት አልንቅም። ከሰው የጫት እስር ውስጥ ቀንበጡን ቀንጥሶ ገረባውን የሚተው ጓደኛ ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም፤ ስንት ክፉ ቀን አብሮ ያሳለፈ ጀማ በአንድ ቀንበጥ ተበትኗል። የኦዌሲስ ባንድ ወንድማማቾችም በ2009 ፓሪስ አጠገብ በተለያዩበት ምሽት፣ ታላቅየው ኖኤል ኋላ እንደተናገረው፣ ታናሹ ሊያም አንዲት ፕሪም ወርውሮ ከግድግዳ ጋር አላትሟት ነበር። በዚያው ምሽት ጊታርም ተሰብሯል፤ ታላቅየው ግን ፕሪሟንም አልረሳም።

በእኛም ከተማ ረጅም ዕድሜ ያለው አንድ ባንድ አለ፤ ስሙን የማልጠራው ሁለቱም ወገኖች ቤቴን ስለሚያውቁት ነው። ልጆቹ ሲጀምሩ የሚጫወቱት ሮክ ነበር። ለገሃር አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ ጊታር እያስጮኹ ጎረቤት ሲያማርሩ ከርመው፣ ሮክ እንጀራ እንደማይሆን ሲገባቸው ወደ ሠርግ ዞሩ። የድሬ ሠርግ ደግሞ በአንድ ምሽት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪኛ ካልተዘፈነበት የአንዱ ወገን ዘመድ አኩርፎ ስለሚሄድ፣ በአራት ቋንቋ መዝፈን ተማሩ። ከሮክ የተረፋቸው ጠቡ ብቻ ነው።

የጠቡም መነሻ ግንባር ነው። በአገራችን ወግ ዘፈን የነካው ሰው ተነሥቶ ዘፋኙ ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። ጊታሪስቱም ግንባር አለው፤ እንዲያውም ፀጉሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየሸሸ ስለሄደ ከዘፋኙ ይልቅ ለሽልማት የተመቸ ሰፊ ግንባር አለው፤ ነገር ግን የሚቆመው ከኋላ፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ስለሆነ ማንም ደርሶ አይለጥፍለትም። ዘፋኙ ሽልማቱ የባለግንባሩ ነው ይላል። ጊታሪስቱ ሰውየውን ከወንበሩ ያስነሣው የእኔ ጊታር ነው ይላል። ከበሮ መቺው በበኩሉ ከዚህ ሁሉ ለእኔ የደረሰኝ ላብ ብቻ ነው እያለ በመካከል ያጉተመትማል።

ይህን ክርክር ተራ ነገር ነው የሚል ሰው የስሚዝስን መዝገብ ይመልከት። በዚያ ባንድ ዘፋኙ ሞሪሲና ጊታሪስቱ ጆኒ ማር ከገቢው 40 40 በመቶ ሲወስዱ፣ ለከበሮ መቺው ማይክ ጆይስና ለቤዝ ተጫዋቹ አንዲ ሩርክ 10 10 በመቶ ይደርሳቸው ነበር። ባንዱ በ1987 ፈረሰ፣ ክሱ ቀጠለ። ዕዳ ያስጨነቀው ሩርክ በ83 ሺህ ፓውንድ ቀድሞ ተስማማ፤ ጆይስ ግን ታግሶ በ1996 ለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሩብ ድርሻ ተፈረደለት፣ ዳኛውም ስለ ሞሪሲ ባሕርይ ዘፈን የሚወጣው ወቀሳ ጨመሩበት። የእኛው ከበሮ መቺ ይህን ፍርድ ከማን እንደሰማ አይታወቅም፤ ከሰማ ወዲህ ግን ሩብ ይገባኛል ማለት ጀምሯል። ባንዱ አምስት ሰው መሆኑን ቢያስታውሱትም ጉዳዩ የሕግ እንጂ የሒሳብ አይደለም ብሎ ይመልሳል።

ፈረንጆቹ በሽማግሌ ፋንታ ጠበቃ ያበዛሉ። የአሜሪካው ባንድ ኢግልስ በ1980 ሎንግ ቢች ላይ ለአንድ ሴናተር የድጋፍ ዝግጅት ሲጫወቱ፣ ግሌን ፍሬይና ዶን ፌልደር እስኪደባደቡ ድረስ ስንት ዘፈን እንደቀራቸው መድረኩ ላይ እርስ በርስ ይነጋገሩ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣውን የኮንሰርት አልበማቸውን የጨረሱት በአሜሪካ ሁለት ዳርቻ ተለያይተው ተቀምጠው ነው፤ በአልበሙ ላይ ከሰፈሩት ስሞችም ውስጥ አምስት ጠበቆች ይገኙበታል።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የፒንክ ፍሎይድ አሳማ ነው። ሮጀር ዋተርስ በ1985 ከባንዱ ከወጣ በኋላ፣ ያለ እኔ በዚህ ስም መጠራት አትችሉም ብሎ ቀሪዎቹን ፍርድ ቤት ገተራቸው። ከስሙ ጋር በኮንሰርት ላይ የሚንሳፈፈው በአየር የተነፋ ግዙፍ አሳማ ጉዳይ አብሮ ተነሣ፤ ቀሪዎቹም የዋተርስ አሳማ ነው እንዳይባሉ ወንድነቱን የሚያረጋግጥ አካል ጨምረውለት በአዲስ መልክ አሠሩት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ ባለመብላት በአንድ ድምፅ በሚስማማባት ድሬዳዋ ይህን ባወራሁ ጊዜ ጀማው ሁለት ጊዜ ተገረመ፤ መጀመሪያ ሰው ለአሳማ ብሎ ከጓደኛው ጋር መካሰሱ፣ ቀጥሎ የአሳማ ፆታ የመብት ጥያቄ መሆኑ አስደነቀው። «ወላሂ፣ ግመል ቢሆን ይገባኝ ነበር» አሉ አንድ አዛውንት።

ከክሱም የሚከፋው ኩርፊያ ነው። በራሞንስ ባንድ ውስጥ ጊታሪስቱ ጆኒ የዘፋኙን የጆይን የሴት ጓደኛ ወሰደ፣ በኋላም አገባት። ሁለቱ ከዚያ ወዲያ እምብዛም ሳይነጋገሩ እስከ 1996 በአንድ ቫን ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ኖሩ፤ ባንዱ በጠቅላላው 2,263 ኮንሰርት ሲያቀርብ አብዛኛው በዚህ ዝምታ ያለፈ ነው። የእኛዎቹም ሐረር ለሠርግ ሲጠሩ የሚሄዱት በአንድ ሚኒባስ ነው። ጊታሪስቱ ጋቢና ተቀምጦ «መስኮቱን ዝጋ በለው» ይለዋል ሾፌሩን፤ ዘፋኙ ከኋላ ሆኖ «ሙቀቱ ነው በለው» ይላል፤ ሾፌሩም በሁለቱ መካከል መልእክተኛ ሆኖ የደንገጎን ጠመዝማዛ ይወጣል። ዳገቱ ሲያልቅ ሙቀቱም ያልቃል፣ ነፋሱ አጥንት ይገባል፣ መስኮቱ ግን እንደተከፈተ ነው።

የፈረንጅ ባንድ ሲጣላ ማን ያስታርቀዋል? ሜታሊካ በወር 40 ሺህ ዶላር የሚከፈለው አማካሪ ቀጥሮ ነበር፤ በዚህ ገንዘብ የድሬ ሽማግሌ በሙሉ ከነበርጫውና ከነምርቃቱ ይገኝ ነበር። ከእሱ የበረታው አስታራቂ ግን የእኛ ረሃብ ነው። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ በ1977ቱ ድርቅ ምክንያት ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. (ይህኛው እንኳ በእኛው አቆጣጠር ይሁን) በለንደንና በፊላደልፊያ ላይቭ ኤይድ የተባለውን የእርዳታ ኮንሰርት ሲያዘጋጅ፣ ተበትኖ የነበረው «ዘ ሁ» የተባለ ባንድ ተሰበሰበ፤ ኦዚ ኦስቦርን ካባረሩት የብላክ ሳባዝ ጓደኞቹ ጋር ጎን ለጎን ቆመ፤ ክሮስቢ፣ ስቲልስ፣ ናሽና ያንግም አንድ መድረክ ላይ ታዩ። ወሎና ትግራይ እህል ሲያጡ እነሱ እርቅ አገኙ ማለት ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ያው ጌልዶፍ ላይቭ ኤይት ብሎ ለአፍሪካ ሲጣራ፣ መጀመሪያ እምቢ ያለው ዴቪድ ጊልሞር ሳይቀር ተለምኖ አራቱም ፒንክ ፍሎይዶች ሃይድ ፓርክ ላይ አብረው ተጫወቱ። እኛ ግን ይህን ሁሉ ሰው አስታርቀን የሽማግሌ ወግ አልደረሰንም፤ ለእያንዳንዱ ለታረቀ ባንድ ቢያንስ አንድ ጋቢ ይገባን ነበር። ኦዌሲስ እንኳ በ2025 ኪንክሶች በተፈነካከቱባት በካርዲፍ ታርቀው ሲጀምሩ ማን እንዳስታረቃቸው በይፋ አልተነገረም፤ የትኬቱን ዋጋ ያየ ግን ሽማግሌውን ያውቀዋል።

የእኛን ባንድ ለማስታረቅ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ሁለቱ ለፈጣሪ ብለው፣ ሦስተኛው የሠርግ አዳራሽ ስላላቸው። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ከዚራ ሰፈር በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር የተጀመረው ሽምግልና አመሻሽ ላይ ውል ወለደ፤ ግንባር ላይ ከተለጠፈው ብር ግማሹ ለግንባሩ፣ ግማሹ ለባንዱ እንዲሆን፣ ጊታሪስቱም ከኋላ ወጥቶ ከዘፋኙ እኩል እንዲቆም፣ በምትኩ የጊታሩ ድምፅ እንዲቀነስ ተወሰነ። የከበሮ መቺው ሩብ በይደር ታለፈ። ሁለቱ ትከሻ ተሳሳሙ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ዘፋኙም አለቀሰ፤ ዘፋኝ ማልቀስ አይከብደውም።

እርቁ በዋለ በመጀመሪያው ሠርግ የሙሽራው አጎት መቶ ብር ይዞ ወደ መድረኩ ወጣ። በሁለቱ ግንባሮች መካከል ጥቂት ካመነታ በኋላ ሰፊውን መርጦ ጊታሪስቱ ላይ ለጠፈው። ዘፋኙ ግጥሙን ረስቶ አዝማቹን አራት ጊዜ ደጋገመ። በማግስቱ ሽማግሌዎቹን በየቤታቸው እየዞረ፣ ውሉ ሲጻፍ ግንባር የተባለው የዘፋኝ ግንባር እንጂ የማንኛውም አላፊ አግዳሚ ግንባር እንዳልነበረ ማስረዳት ያዘ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ነገሩን ለመስማት ለመጪው ዓርብ ቀጠሮ ሰጥተዋል። ሦስተኛው ለቀጣዩ ሠርግ ዲጄ ተከራይተዋል፤ ከበሮ መቺውም ከዲጄው ክፍያ ሩብ ይገባው እንደሆነ ጠበቃ እያጠያየቀ ነው።