ትኩስ ነው?

መቼስ ጠያቂ አይጠፋም። ሰሞኑን ግን ጣና ሐይቅ ውስጥ፣ ደቅ ደሴት ላይ አዲስ ዓይነት ገዢ መጥቷል፦ ከባሕር ዳር በጀልባ ደርሶ፣ ገና ከመረቡ ያልተላቀቀ ቆሮሶ አሳ ፊት ቆሞ፣ ጣቱን የአሳው ሆድ ላይ እስኪሰምጥ ተጭኖ «ትኩስ ነው?» የሚል። በጣቱ የሚያፈርጠውም እሱ፣ «የፈረጠ አልገዛም» ባዩም እሱ።

አስጋሪው ምን ይበል? መረቡ ማታ ይጣላል፣ ሲነጋጋ ይነሳል። አመሻሽ ላይ የተያዘው አሳ ግን ሌሊቱን መረቡ ውስጥ ሞቶ ያድራል፤ ሥጋው የሚልመው እዚያው ነው። ጠዋት ነፋስ ተነስቶ ማንሳቱ ከዘገየማ የባሰ ይልማል። እና መጠየቅ ያለበት መረቡ ስንት ሰዓት ተነሳ ነው። ዓይኑ ጎላ ብሎ ከጠራ፣ ስንጥቡ (መተንፈሻው) ደም ከመሰለ፣ ሌላ ምርመራ አያሻም።

ስንጥብ ሲነሳ «አሳ ግማቱ ከወደ አናቱ» ትዝ ይላል። ግሩም ተረት ነው፤ ስንጥብ ያለው ጭንቅላት ላይ ነዋ! የሚያናድደው በየስብሰባው የሚጠቅሱት አናት ላይ የተቀመጡት ራሳቸው መሆናቸው ነው። ደግሞም አንጀቱ ሳይወጣ የዋለ አሳ ከሆዱም ይጀምራል። ተረቱ ሆዱን መዝለሉ ለሰብሳቢዎቻችን ሳይመች አልቀረም።

ጣናን ስለወረረው አረም፣ ስለ እምቦጭስ ስንት ስብሰባ ተደረገ? እምቦጩ ስብሰባ አይፈራም። በነፋስ እየተነዳ መጥቶ መረብ ላይ ይከመራል፣ ገመድ ይበጥሳል፣ ታንኳ መውጫ ያሳጣል። በጣና ዙሪያ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ለእርሻ እየተመነጠረ «ታንኳ ቅርሳችን» የሚል ባነር የሚሰቅሉትን ደግሞ ደንገል ተሸከሙ ማለት ነበር። ታንኳ በባነር አይንሳፈፍም። ደንገሉ ተቆርጦ ይደርቃል፣ ተጠፍሮ ይታሰራል፤ ከየጉዞው በኋላ ቀጥ ተደርጎ ቆሞ ውሃው ካልተንጠፈጠፈ ይከብዳል። ቢንከባከቡትም በጥቂት ወራት ይበሰብስና ሌላ ይሠራል። ከምኑ?

ብቻ ገዢው፤ አዎ። ጠይቆ፣ ጨምቆ፣ አሽትቶ ሲያበቃ «ፊሌቶ አድርጉልኝ» ይላል፣ በሙሉ አሳ ዋጋ። ከ3 ኪሎ ቆሮሶ 1 ኪሎ ፊሌቶ ቢወጣ ነው፤ ሌላው ጭንቅላት፣ አጥንትና ቆዳ ነው። ይህን ሲነግሩት «ዘረፋ ነው» ብሎ ይቆጣና፣ ጭንቅላቱን ለሾርባ ምርቃት ይጠይቃል።