1628 ወይስ 1636? «ከየት አመጣሽው?» የሚል መምህር ያስፈልገናል

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ መጣች። የታሪክ አሳይንመንት አለባት፤ ስለ ጎንደር አመሠራረት አምስት ገጽ። «አክስቴ፣ የቱን ልጻፍ?» አለችኝ። አንዱ የቴሌግራም ቻናል ከተማችን በ1636 ዓ.ም. ተቆረቆረች ይላል፣ ሌላው 1628 ይላል። የክፍል ጓደኞቿ ያገኙትን ገልብጠው ጨርሰዋል።

1628 በእኛ አቆጣጠር ነው፣ 1636 በፈረንጆቹ። አንዱ ከእንግሊዝኛ ሲመልስ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ረሳት፣ ከሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ስህተቱን እንዳለ ቀዳው። ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የተመዘገበበትንም ዓመት 1979 ብለው «ዓ.ም.» ይለጥፉበታል። በእኛ 1972 ነው።

አሥር ቻናል አንድ ነገር ስለጻፈ አሥር ምስክር ተገኘ ማለት አይደለም። ሁሉም ከአንድ ቦታ ከቀዱት ምስክሩ አንድ ነው። ይህን ለልጆቻችን ማን ነገራቸው? ባለፈው ሴሚስተር ይህችው ልጅ አሥራ ሁለት ገጽ ከኢንተርኔት አውጥታ ከአሥር አሥር አገኘች። ከየት አመጣሽው ያላት የለም። ገጽ ተቆጥሮ ማርክ ከተሰጠ ልጁ ገጽ ይሞላል እንጂ ለምን ይመራመራል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ዊኪፔዲያ ይክፈቱ፣ ችግር የለውም፣ ግን ወደ ታች ወርደው ምንጩን ይዩ። ቻትጂፒቲ የመጽሐፍ ስም ከሰጣቸው መጽሐፉ መኖሩን ቤተ መጻሕፍት ሄደው ያረጋግጡ፣ የሌለ መጽሐፍ ፈጥሮ ሊሰጥ ይችላልና። መጽሐፍ ሲያገኙም ጸሐፊው ነገሩን በዓይኑ አይቷል ወይ ብለው ይጠይቁ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው፣ መጽሐፉን ያሳተመው በ1790። ስላያት ጎንደር ጥሩ ምስክር ነው፣ ያውም ከሃያ ዓመት በኋላ መጻፉን ሳንረሳ። እ.ኤ.አ. በ1667 ስላረፉት ስለ ዐፄ ፋሲል ግን የሰማውን ነው የሚነግረን። ለሳቸው ዘመን ዜና መዋዕሎቹ ይቀርባሉ፤ እነሱም ቢሆኑ በቤተ መንግሥት ሰዎች የተጻፉ ናቸውና ንጉሡን ማወደሳቸው አይቀርም። ደግሞስ ግንቡ እኮ ከፒያሳ ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው! ስለ ግንቡ የሚጽፍ የጎንደር ልጅ ፎቶውን ከስልክ ላይ ማውረድ አለበት?

እሑድ አብረን ግቢውን ዞርን። ማታ ሁለቱንም ዓመት ጻፈች፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነና ከየት እንዳገኘችው ከጎኑ አስቀመጠች። ሦስት ገጽ ተኩል ወጣው። አምስት አልሞላም፣ እኔም ሙዪው አላልኳትም። አሁን የመምህሯን ማርክ እየጠበቅን ነው።