ቢግ ባንግ እና የነፍስ አባታችን

የእህቴ ልጅ ሚኪ 4 ኪሎ ፊዚክስ ይማራል። ሁለተኛ ዓመት ነው። ሁለተኛ ዓመት ማለት ልጅ በእግዜር ላይ ያለውን ጥርጣሬ ለዘመድ የሚያሳውቅበት ዓመት ነው። አንደኛ ዓመት ላይ ገና ዶርሙን ይፈራል፤ የመመረቂያው ዓመት ላይ ሥራ ማጣት ይታየውና ስለት ይሳላል።

ባለፈው የእማዬ የሚካኤል ዝክር ላይ አባ ዳቦውን ባርከው ቆርሰው፣ ጠላው ዞሮ፣ ሁሉም ሰው ስለ ኑሮ ውድነት ሊጀምር ሲል ሚኪ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባ፣ ዓለም እኮ የተፈጠረው በቢግ ባንግ ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እማዬ ጆጓን እንደያዘች ቆመች። እህቴ ልጇን የምትቆነጥጥበት ቦታ በዓይኗ ስትፈልግ አየኋት፤ ምን ታድርግ፣ ወፍራም ጂንስ ለብሷል። አባ ግን አልተቆጡም።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?»

ሚኪ አስረዳ። የዛሬ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ታምቆ፣ ግሎ፣ ከዚያ መስፋት ጀመረ፣ እስካሁንም እየሰፋ ነው አለ። አባ ጠላቸውን እየቀመሱ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ማነው እንዲህ ያለው?»

እዚህ ጋ እኔ ገባሁ። ለማስታረቅ ብዬ ነው። ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ዦርዥ ለሜትር የሚባል ቤልጅጋዊ ነው፣ በ1927 እ.ኤ.አ. ጠፈሩ እየሰፋ ነው ብሎ ጻፈ፣ በ1931 ደግሞ ሁሉም ከአንድ «የመጀመሪያ አቶም» ተነሣ አለ፣ ሰውየውም ራሱ ቄስ ነው አልኳቸው።

አባ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ቄስ?»

«አዎ አባ፣ ቄስ።»

«የኛ ነው?»

«አይ... ካቶሊክ ነው።»

«እንዲያ በለኛ!» አሉና ብርጭቋቸውን መልሰው አነሡ። ነገሩ ተዘጋ። ቢግ ባንግ እኛ ቤት ሳይንስ በመሆኑ አይደለም የወደቀው። እኛና ካቶሊክ በተለያየንበት ጉባኤ፣ በ451 እ.ኤ.አ. ኬልቄዶን ላይ ነው የወደቀው።

ሚኪ ግን እልኸኛ ነው፣ በአባቱ ወጥቷል። ስልኩን አወጣና «አውሮፓ ሄዳችሁ እዩ፣ ሳይንስ ሲገባ ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ቀረ» አለ። ቁጥሩን አነበበልን። በእንግሊዝና በዌልስ በ2011 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ክርስቲያን ነኝ ያለው ሰው 59.3 በመቶ ነበር፤ በ2021 ወደ 46.2 ወርዷል። ማስትሪክት የምትባል የሆላንድ ከተማ ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ መጽሐፍ መደብር ነው። ማንቸስተር ውስጥ ደግሞ አንዱን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ መውጣት የሚለማመዱበት ቦታ አድርገውታል፤ ወጣቱ ወገቡ ላይ ገመድ ታጥቆ ወደ ጣሪያው ይቧጥጣል።

እማዬ ይሄን ስትሰማ ደነገጠች። «ቤተ መቅደሱ ውስጥ? ጫማቸውን አውልቀው ነው?»

ሚኪ ፈለገ። «አዎ፣ የራሳቸውን አውልቀው የመውጫውን ያደርጋሉ።»

«ይሁን፣ እሱን እንኳ አልረሱም» አለች።

እኔ ግን ይሄ ሳይንስ አስወጣቸው የሚባለው ነገር አይዋጥልኝም። የአክስቴ ልጅ ፍራንክፈርት ይኖራል። እዚያ አገር የካቶሊኩም የፕሮቴስታንቱም ቤተ ክርስቲያን ግብር አላቸው፤ ከሠራተኛው ገቢ ግብር ላይ 8 ወይም 9 በመቶ ተሰልቶ ከደመወዙ ይቆረጣል። አብሮት የሚሠራው ጀርመን አንድ ቀን የደመወዝ ወረቀቱን አየ፣ አሰበ፣ በምሳ ሰዓት መታወቂያውን ይዞ መንግሥት ቢሮ ሄደ፣ 30 ዩሮ ገደማ ከፍሎ ፈረመና ከክርስትና ወጥቶ ተመለሰ። ምሳው አልቀዘቀዘበትም። በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ጀርመናውያን ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ፈርመው ወጥተዋል። ብዙዎቹን ያስወጣቸው ቄሶች በሕፃናት ላይ የፈጸሙት ግፍና የአለቆቻቸው መሸፋፈን ነው፣ ያ አያስቅም። ዳርዊንን አንብቦ የወጣ ይኖር ይሆናል፤ የደመወዝ ወረቀቱን አንብቦ የወጣው ግን የሚበልጥ ይመስለኛል። እኛ ጋ ከእድር ለመውጣት እንኳ መሞት ያስፈልጋል፣ ያኔም ድንኳኑን ይዘው ይመጣሉ።

ሚኪ ጋሊልዮን አንሥቶም ሞከረን። ምድር ትዞራለች በማለቱ በ1633 ተፈረደበት፣ ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ተሳስተን ነበር ያሉት በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። 359 ዓመት። ይግባኝ ላይ መዝገብ የከረመበት አጎቴ እንኳ ይሄን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

እኛ ከሳይንስ ጋር ያለን ጠብ ሌላ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ሰይጣን እንለዋለን፣ ከዚያ እንለምደዋለን፣ ከዚያ ምስክር አድርገን እንጠራዋለን። እዚሁ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የከተማው የመጀመሪያ ሲኒማ ሲከፈት ሕዝቡ ስሙን «ሰይጣን ቤት» ነበር ያለው። ዛሬ ያን ሰይጣን ቤት እያንዳንዳችን ኪሳችን ውስጥ ይዘን፣ ታክሲ ውስጥ ድምፁን ከፍተን ስብከት እንሰማበታለን። ጎረቤት እስኪገላምጠን።

ምስክርነቱ ደግሞ ይብሳል። ሁዳዴ በገባ ቁጥር አንድ ቪዲዮ ይላክልኛል። «ጾም ጠቃሚ መሆኑን ሳይንስ አረጋገጠ! ጃፓናዊው ኖቤል ተሸለመበት!» እውነት ነው፣ ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ተሸልሟል። የተሸለመው ግን ሕዋስ የራሱን ያረጀ ዕቃ እንዴት ፈጭቶ እንደሚመገበው ስላሳየ ነው፤ ያየውም እርሾ አስርቦ ነው። እርሾ! እማዬ ቡሃቃ ውስጥ ያለው ዓይነት። ለመሆኑ ለ55 ቀን ከሥጋና ከወተት የሚርቅ ሰው የእርሾ ምስክርነት ምን ያደርግለታል? ባይሸለም ኖሮ ልንገድፍ ነበር?

እማዬ ይሄ ችግር የለባትም። አንዴ ብሔራዊ ሙዚየም ወስጃት ድንቅነሽን አሳየኋት። 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው አልኳት። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘንድሮ ዓለም ከተፈጠረ 7518 ዓመት መሆኑን ጠንቅቃ ታውቃለች። ቁጥሩን አልተከራከረችም። አጥንቶቹን ዝቅ ብላ ትክ ብላ አየችና፣ አማተበችና፣ «ነፍስ ይማር» ብላ አለፈች። ከዚህ የተሻለ መልስ 4 ኪሎ ላይ ሲሰጥ አልሰማሁም።

ከቴክኖሎጂ ያልተስማማችው ምጽዋት ላይ ብቻ ነው። ሰበካ ጉባኤው በር ላይ የባንክ ቁጥርና የሚቃኝ ኮድ ለጠፈ። አንድ እሑድ 100 ብር በቴሌብር አስገባሁላት፤ ገና ከበሩ ሳንርቅ ስልኬ ጮኸ፣ ገንዘቡ ደርሷል ይላል። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የተባለው ታዲያ ምን ሊሆን ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ድፍን አምሳ ብር አጣጥፋ ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ታስገባለች።

ዝክሩ አልቆ ሰው ሲበተን ሚኪና አባ ጥግ ይዘው አየኋቸው። የታረቁት በባሕረ ሐሳብ፣ ጾምና በዓል በሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን ስሌት ነው። አባ 7518ን ለ19 አካፍለው፣ ከቀሪው አንድ ቀንሰው፣ በ11ም በ19ም አባዝተው፣ ከየብዜቱ ሠላሳ ሠላሳውን እየገደፉ፣ ጣታቸው ላይ ብቻ፣ አበቅቴው 12 መጥቅዑ 18 ነው አሉ። ድምሩ ሁልጊዜ 30 ነው። ሚኪ በስልኩ አረጋግጦ አፉን ያዘ። «አባ፣ ይሄ እኮ የሞጁሎ ሒሳብ ነው!» «ኧረ ድሜጥሮስ ነው» አሉት፤ ባሕረ ሐሳብን ቀመረ የሚባለውን የእስክንድርያ ጳጳስ።

ከዚያ ከቀሚሳቸው ኪስ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። የንስሐ ልጆቻቸው ስም ነው። አባ ድሮ ይሄን ሁሉ ቤት በእግራቸው ከዶሮ ማነቂያ እስከ እኛ ሰፈር በአንድ ከሰዓት ይጨርሱት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ደብተሩ አራብሳ፣ ገላን፣ አያት ተበተነ። ለአንድ ጸሎት ከፒያሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ አያት፣ ከዚያ ባጃጅ። ጠበል በሃይላንድ ተሞልቶ በሞተረኛ ይላካል። ኑዛዜ በስልክ ግን አባ አይቀበሉም። ለክብረ በዓል ሁሉም ይመጣል፣ መኪናው ግቢውን አልፎ አስፋልቱን ይዘጋል። በአዘቦት ቀን ኪዳን ላይ ብትሄዱ ግን እነዚያው አምስት እናቶች ናቸው፤ ጥግ የቆመው መቋሚያ ከሚደገፈው ሰው ይበልጣል።

«ዓይኔ ደከመ፣ ስልኩ ውስጥ ክተትልኝ» አሉት። ሚኪ በክርስትና ስማቸው እየጠራ ይጽፍ ጀመር። ወለተ ማርያም። ገብረ ሚካኤል። ወለተ ማርያም። ወለተ ማርያም። አራተኛዋ ላይ ስልኩ ቆመ።

«አባ፣ ተመሳሳይ ስም በዛ፣ ላዋህዳቸው ወይ? እያለ ነው።»

አባ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስክሪኑን አዩ።

«ተዋሕዶስ ጥሩ ነበር» አሉ። «ግን አንዷ አራብሳ ናት፣ አንዷ ገላን፣ አንዷ ልጇ ዘንድ ጀርመን። ያቺኛዋ ቡና እየቆላች ነው። ተዋቸው እንዳሉ።»