ከገባ ልኩ ነው

ባለፈው ሳምንት ቢሾፍቱ ላይ ሠርግ ነበር። ሙሽራዋ 400 ሲሲ ስኩተር፣ ሙሽራው የላዳ ጎማ። ሽማግሌ አልተላከም፤ ሰባት ቤት ድረስ ዘር የቆጠረም የለም። ጎሚስታው በሁለት ብረት፣ በአንድ መዶሻና በአንድ ጣሳ የሳሙና ውሃ አጋብቷቸው ሒሳቡን ተቀበለ። እኔም ምስክር ነኝ፤ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጬ ሥነ ሥርዓቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትያለሁ።

ስኩተሯ የጎረቤቴ ናት። ጋሼ ዕድሜያቸውን አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። (ስማቸውን አልጠራም፤ አሁንም አልፎ አልፎ አፈናጥጠው ይወስዱኛል።) በሥራ ዘመናቸው አንዲት ብሎን እንኳ በግምት አጥብቀው አያውቁም። መጽሐፉ ይህን ያህል ይጥበቅ ካለ ይህን ያህል ነው፤ ከዚያ አንድ ፍሬ ቢያንስ ወይም ቢበልጥ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። ይህንን ታሪክ ቡና ሲጠጡ ሁሉ ያወሩታል። አሁን ግን ጡረታ ላይ ናቸው፤ መጽሐፉም አብሯቸው ጡረታ ወጥቷል።

የኋላው ጎማ አለቀ። በጎኑ ላይ 150/70-13 የሚል ቁጥር፣ ከቁጥሩም አጠገብ «ኤም/ሲ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ነበሩበት፤ የሞተር ሳይክል ጎማ መሆኑን ለማሳወቅ የሚታተሙ ናቸው። ጋሼ መርካቶ ሦስት ቀን ተመላለሱ። በየሱቁ «13 አለ» ይሏቸዋል። እውነትም አለ፤ የመኪና ነው። በአራተኛው ቀን የሰፈራችን ጎሚስታ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ቋጨው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቸርኬ ስንት ነው?»

«13።»

«የላዳስ?»

«13።»

«ታዲያ?»

ከዚህች «ታዲያ» የበለጠ አጭርና የማይረታ ክርክር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። የሀገራችን የምሕንድስና ፍልስፍና በሙሉ በአንዲት ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቀዳዳው ከተቀበለው ብሎኑ ልኩ ነው። ሁለት ራቁት ሽቦ ሶኬት ውስጥ በክብሪት እንጨት ተወጥሮ ከቆመ መብራት አለ። የጋዙ ቱቦ በሽቦ ታስሮ ካልሸተተ፣ ወጡ ይሠራ። ፋብሪካ የሚባለው ነገር ሥራ ስለፈታ ነው እንጂ ያን ሁሉ ቁጥር ጎማ ላይ መጻፉ ምን ይባላል?

ጎሚስታው ያመጣው ጎማ አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ስታገለግል ኖራ ከሥራ ከተሰናበተች ላዳ የተረፈ ነው፤ 175/70-13። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። አሮጌው ላይ የሸክም ቁጥሩ 64 ነበር፤ 280 ኪሎ ግራም ማለት ነው። አዲሱ ላይ 82 ይላል፤ ይህ ደግሞ 475። ፊታቸው በራ። «አየህ? እንዲያውም ይበልጣል!» አሉኝ። እውነት ነው፣ ይበልጣል። እሳቸውና እኔ ከተቀመጥን በኋላ እንኳ ለፋሲካ ሁለት ሙክት ለመጨመር ቦታ ይተርፋል። ጎማው ለ1,000 ኪሎ ያህል መኪና ሲሠራ ግድግዳው ጠንካራ እንዲሆን ተደርጎ ነው፤ የእኛን ክብደት እንደ ሸክም አልቆጠረውም። ድንጋይ ላይ ስንወጣ አይታጠፍም። የታጠፈው የእኔ ወገብ ነው።

አገባቡም ሊወደስ ይገባዋል። የሞተርና የመኪና ቸርኬ ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም፣ የጎማው ከንፈር የሚቀመጥበት ጠርዝ አቀራረጹ ይለያያል። ስለዚህ ከንፈሩ በቀላሉ ቦታውን አልያዘም። ጎሚስታው አየር ጨመረ። አልያዘም። ደግሞ ጨመረ። የግፊት መለኪያው መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል፤ መርፌዋም የት እንደምትቆም ከራሷ በቀር የሚያዝዛት የለም። እኔ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ከግንቡ ጀርባ ሄድኩ፤ ጋሼም ድንገት አንድ የሚያዩት ነገር እዚያው ግንብ ጀርባ አገኙ። ከዚያ «ጧ!» አለ፤ ለጥቆም «ጧ!»። ጎሚስታው ላቡን ጠርጎ «እሺ ብሏል» አለ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል እንጂ፣ እንዲህ ተኩስ ያለበት ሠርግ ግን አላየሁም።

ጎማው ከቀድሞው በቁመት 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ በጎን ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይበልጣል። ትርፉ የት ይግባ? የውስጠኛው ጭቃ መከላከያ በመጋዝ ተቆረጠ። ዝናብ ሲመጣ ጭቃው ወደ ጀርባችን እንደሚሄድ ለጎሚስታው ነገርኩት። «ክረምቱ ገና ነው» አለኝ።

አሁን ወደ ውበቱ ልምጣ። የሞተር ሳይክል ጎማ ተቆርጦ ቢታይ ጀርባው እንደ እንቁላል ጫፍ ሞላላ ነው፤ ሞተር ኩርባ ላይ ስለሚያጋድል፣ በየትኛውም በኩል ቢያጋድል መሬት የሚነካ ጎማ እንዲኖረው ነው። መኪና አያጋድልም፤ ጎማውም እንደ ሳጥን ጠፍጣፋ ነው። ይህን ጠፍጣፋ ነገር ስኩተር ላይ አድርገው ሲያጋድሉት በጠርዙ ይቆማል። ወደ ባቦጋያ ሐይቅ በሚወስደው ኩርባ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ጋሼ ሰውነታቸውን ወደ ግራ ጣሉ። ስኩተሯ አልተስማማችም። አሰበች። ከዚያ በድንገት ተስማማች። በሐሳቧና በስምምነቷ መካከል በነበረችው ጊዜ ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ የበደልኳቸውን ሰዎች በሙሉ በየስማቸው ይቅርታ ጠይቄያለሁ። በፊት እዚያች ኩርባ ላይ የምናወራው ስለ ዓሣ ዋጋ ነበር። ለመንፈሳዊ ሕይወታችን ከዚህ ጎማ በላይ የጠቀመን የለም።

መንገዱ ወደ ቦይ ሲያዘነብልም ጎማው ትሕትናውን ያሳያል፤ መሬቱ ወደሄደበት አብሮ መሄድ ይወዳል። ጋሼ ወደ ቀኝ፣ ጎማው ወደ ግራ፣ እኔ ደግሞ ወደ ቤቴ መሄድ እንፈልጋለን።

የሚተቹ አሉ። ለእነሱ ጋሼ መልስ ሞልቷቸዋል። በቢሾፍቱ ጎዳና የሚያልፈውን የፈረስ ጋሪ ያሳዩአቸዋል፤ እግሩ የመኪና ጎማ ነው፤ ስንት ዘመኑ፣ ማን ምን አለው? እርግጥ ጋሪው ሁለቱ ጎማዎች ጎን ለጎን ስለሆኑ አያጋድልም፤ ፈረሱም ኩርባ ሲያይ በራሱ ይቀንሳል። ይህን ለጋሼ አላነሳሁም። ቀጥለው ወደ ታሪክ ይገባሉ። በአየር የተሞላውን ጎማ እ.ኤ.አ. በ1888 በስሙ ያስመዘገበው ደንሎፕ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ የሠራውም ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነው፤ ታዲያ ጎሚስታውን የሙያ ማስረጃ የምትጠይቁት ማን ስለሆናችሁ ነው? ቬስፓ ስኩተርንስ ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1946 የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ አይደለም ወይ? ይህን ሲሉ ደረታቸውን ነፋ ያደርጋሉ፤ የሙያ ዝምድና ነውና። ሰውዬው የፊቱን እግር እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ጎን ብቻ የያዘው ጎማ ለመቀየር እንዲቀል ብሎ ነው። የስኩተር ጎማ በስኩተር ጎማ የሚቀየር መስሎት እንደሆነ ግን እገምታለሁ።

ብቻችንንም አይደለንም። አሜሪካ ውስጥ ባለ 1,800 ሲሲ ጎልድ ዊንግ ሞተራቸው ላይ የመኪና ጎማ ከኋላ የሚገጥሙ አሉ፤ ራሳቸውንም «የጨለማው ጎራ» ሰዎች ብለው ይጠራሉ። ምክንያታቸው የመኪና ጎማ ቶሎ አያልቅም፣ ዋጋውም ይረክሳል የሚል ነው። ጎማ ሠሪዎቹ ግን አታድርጉት ይላሉ። ጋሼ ይህንን ስነግራቸው ጎራው አልጣማቸውም፤ «እኛ በጠራራ ፀሐይ ነው ያደረግነው» አሉ።

የዓመታዊ ምርመራው ጉዳይ አሳስቦኝ ነበር። በከንቱ። መርማሪው ጎማውን በጫማው ጫፍ ረገጥ አደረገና ጥርሱ እንዳላለቀ አይቶ ረካ። ጥርሱ መቼም ብዙ ነው፤ ስለ ጥርስ ማንም አልተከራከረም። የሦስተኛ ወገን መድንም አላት። ሦስተኛው ወገን ማን እንደሆነ እስከዚህ ጎማ ድረስ ገብቶኝ አያውቅም ነበር፤ ጋሼ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ፣ ጎማው ሦስተኛ።

አንድ ጥቃቅን ነገር ብቻ አለች። ስኩተሯ በመሐል መቆሚያዋ ስትቆም የኋላ እግሯ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ይንሳፈፍ ነበር። ጎማው ሲያድግ መሬት ነካ። ትናንት ጠዋት ጋሼ እንደልማዳቸው በመቆሚያው ላይ አቁመው፣ ከጎን ሆነው አስነሱና ሞተሩ እንዲሞቅ ነዳጅ ሰጡት። ማርሽ የላትምና የምትጠብቀው ፈቃድ የለም፤ ከመቆሚያዋ ወርዳ ብቻዋን ሄደች። የባለቤታቸውን የጌሾ ማሰሮ አልፋ፣ ዶሮዎቹን በትና በሩ ላይ ተደገፈች። ጋሼ ከኋላዋ በዝግታ ደርሰው ጎንበስ ብለው ጎማውን ዳሰሱት። «ጉልበቱን አየህ?» አሉኝ።

አሁን የፊተኛው እያለቀ ነው። እሱ 14 ነው፤ የቪትዝ ጎማም 14 አለው። አሜሪካኖቹ እንኳ ከፊት ለፊት አልደፈሩትም፤ ጋሼ ግን ቅዳሜ ጎሚስታው ጋ ቀጠሮ ይዘዋል። እኔንም እንድመጣ ጋብዘውኛል። ግንቡ ሁለት ሰው ይበቃል።