የፓርቲ መዋጮና የግብር ነገር

ደሴ ፒያሳ ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴ ለአገር ውስጥ በጎ አድራጎት ድርጅት ብር ቢሰጥ፣ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ ወጪ ብሎ ይይዝለታል። ለፓርቲ ቢሰጥስ? ምንም። ደመወዝተኛውንማ ተዉት፣ ግብሩ ከጠቅላላ ደመወዙ ላይ ቀድሞ ይቆረጣል፤ መዋጮ የሚያወጣው ከተረፈችው ነው።

እኔ የምለው፣ ለፓርቲው ከኪሱ የሚያዋጣ ሰው ከግብሩ ላይ ትንሽ ይመለስለት። ካናዳ እንዲህ ታደርጋለች። ለፌዴራል ፓርቲ 400 ዶላር የሰጠ ሰው 300ው ከግብሩ ይቀነስለታል። ስጦታው ሲተልቅ ግን ቅናሹ እየሳሳ ይሄድና በዓመት ከ650 ዶላር አያልፍም። የታሰበው ለትንሽ ሰጪው ነዋ! ኩባንያና የሠራተኛ ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ጭራሽ መስጠት አይችሉም።

የእኛው የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መከልከሉን ያውቅበታል። ከውጭ ዜጋ፣ ከሃይማኖት ተቋም፣ ስሙ ካልታወቀ ሰው መቀበል ክልክል ነው። ተራው ሰው እንዲያዋጣ ማበረታታት ላይ ግን ዝም።

አንድ ነገር ያስፈራኛል። ኮምቦልቻ የሚሠራ ወዳጄ የደመወዝ ወረቀቱን አሳይቶኛል፤ የሥራ ግብር፣ ጡረታ፣ ቁጠባ፣ ከነሱ ሥር የፓርቲ መዋጮ። "ፈርመህ ነው?" አልኩት። "ስብሰባ ላይ እጅ አውጥተናል መሰለኝ" ብሎ ሳቀ። እንዲህ ያለው መዋጮ ቅናሽ ካገኘ፣ እጁ ፔሮል ድረስ የሚዘልቅ ፓርቲ በሕዝብ ግብር ይወፍራል፣ በአንዲት ክፍል ቢሮ የሚንደፋደፈው ተቃዋሚ ደግሞ ያው እንደነበረው ይቀራል። ስለዚህ በፔሮል የተቆረጠ አይታሰብ። ሰውየው ራሱ ከሒሳቡ በባንክ ወይም በቴሌብር የላከው ብቻ ይያዝለት፣ ጣሪያውም አስተማሪና የፋብሪካ ሠራተኛ የሚደርስበት ልክ ይሁን።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የደመወዝተኛን ግብር የሚቆርጠው መሥሪያ ቤቱ ነው። የተቃዋሚ ፓርቲ ደረሰኝ ይዞ አለቃው ቢሮ አጠገብ ወዳለው ሒሳብ ክፍል የሚገባ ጀግና እስቲ አሳዩኝ! ደረሰኙ ላይ የፓርቲው ስም አይጻፍ፣ ምርጫ ቦርድ የሰጠው ቁጥር ይበቃል፤ ተመላሹም በአሠሪ በኩል መዞሩ ይቅርና ከገቢዎች በቀጥታ ወደ ሰውየው ሒሳብ ይግባ።