ሰላም ብለን ብቻ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ ሰዓት አይሞላበትም። እኔና አባቴ ግን አርብ ቀትር ላይ ኮምቦልቻ ገብተን ደሴ የደረስነው ቅዳሜ ማታ ነው። መንገድ አልተዘጋም። ጎማ አልተነፈሰም። ራዲያተር ፈልቶብናል፤ እሱ ግን የፈጀው 40 ደቂቃ ነው። የቀረው ጊዜ የሄደው ሰላም ለማለት ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በጉብዝናው ጊዜ ኤንትሬ ይነዳ ነበር፣ ከነተሳቢው። መስመሩ አሰብ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ፣ በባቲ ቁልቁል ወርዶ፣ በሚሌ አድርጎ፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ወደቡ ይገባል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ መስመሩ ተዘጋ። የተዘጋው ግን መንገዱ ነው እንጂ ትውውቁ አይደለም። ጎማ የለጠፈለት፣ በዱቤ ምሳ ያበላው፣ ጭነት ያራገፈለት፣ ገንዘብ ያበደረው፣ ገንዘብ የከለከለው ሁሉ ኮምቦልቻና ደሴ ላይ አለ። የሞተውም ልጆች አሉት።

ከአዲስ አበባ ስንነሳ እቅዳችን አጭር ነበር። ደሴ ያለችውን አክስቴን ጠይቀን መመለስ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጣን። ደብረ ብርሃንን አለፍን። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኮምቦልቻ አንድ ሰው አለ» አለ። «ሰላም ብለነው ብቻ እናልፋለን።»

ዋሻው ጨለማ ስለሆነ ፊቱን አላየሁትም። አይቼው ቢሆን ኖሮ እዚያው አዙሬ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

ስለ አነዳዴ የሰጠኝን አስተያየት ሁሉ ልጻፍ ብል ሌላ ወግ ይወጣዋል። አንዱ ይበቃል። ከደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ «ሁለተኛ አስገባ» አለኝ። «አባባ፣ አውቶማቲክ ነው» አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ቢሆንም አስገባ» አለ።

ኮምቦልቻ ያለው «አንድ ሰው» የድሮ የጋራዥ ሰው ናቸው። በራቸው ላይ ቆመው ተቃቀፉ። ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ። ከዚያ ጥያቄው ወረደ። እንዴት ነህሳ? ጤናህስ? ቤቱስ? ልጆቹስ? ከብቱስ? አባቴ በዕድሜው ከብት ኖሮት አያውቅም። እሱ ግን ሳይጠራጠር፣ «ሁሉም ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። አባቴ ገብርኤልን የሚያነግሥ ክርስቲያን ነው። ግን ኮምቦልቻ ሲገባ ምላሱም አብሮት ይገባል።

«ኧረ ቁጭ አንልም» አለ ቁጭ እያለ።

ቄጤማ ተጎዘጎዘ። እጣን ጨሰ። ሰውየው ሰዓታቸውን አዩና ብድግ አሉ። «ጁምዓ ሰግጄ እስክመጣ ንቅንቅ እንዳትሉ» አሉ። የመኪናዬን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። መኪናዋን ጥላ ውስጥ ሊያቆሙልኝ መስሎኝ አመሰገንኳቸው። ቁልፉን መልሼ ያየሁት በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው።

ከመስጊድ ሲመለሱ አዋጅ ይዘው መጡ። በግ ይታረዳል።

አባቴ ፈጠን ብሎ፣ «ዛሬ አርብ ነው፣ ጦም ነን» አለ። እውነቱን ልናገር፣ ጦምን እንደዚያች ቅጽበት አክብሬው አላውቅም። ሽሮ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ በ10 ሰዓት ደሴ ነን ብዬ አሰላሁ። ሰውየው ዝም አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እውነትህን ነው። ጦሙማ አይሻርም» አሉ። «እንግዲያው ታድራላችሁ።»

ቡናው ቀጠለ። አቦል ላይ የሰውየው ባለቤት ወደኔ ዞሩ። «ልጆችህ ስንት ደረሱ?» አሉኝ። እኔ 36 ዓመቴ ነው። አላገባሁም። ይህንኑ ተናገርኩ። ጀበና የያዘችው ልጅ መቅዳቷን አቆመች። አንዲት ጎረቤት፣ «አብሽር፣ አላህ ያውቃል» አሉኝ፣ ሐኪም መጥፎ ውጤት የነገረኝ ይመስል።

አባቴ ገባ። «እያሰበበት ነው» አለ።

ቶና ላይ ሌላ እንግዳ መጣ፤ ያው ጥያቄ ተጠየቀ። አባቴ አሁን፣ «አጭቷል» አለ። ጎኑን ነካሁት። በረካ ላይ ልጅቷ ከመልካም ቤተሰብ የተገኘች ሆነች። እኔ ራሴ ልተዋወቃት ጓጓሁ።

አባቴ ውሸታም ሰው አይደለም። ማታ ሲያስረዳኝ ጉዳዩን እንደ ትራፊክ ነው የሚያየው። «አላገባም ካልክ ያስቆሙሃል፤ ምክንያት ይጠይቁሃል፤ ወረቀት ያወጡልሃል» አለኝ። «አጭቷል ስትል ያሳልፉሃል።» ብርድ ልብሱን ሳበና ተኛ።

ቅዳሜ ጠዋት በጉ ታረደ። ያረዱት ግን ሰውየው አይደሉም። ከግቢው ማዶ ያሉ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ተጠርተው መጡ፤ «በስመ አብ» ብለው ባረኩት። ቢላው የእሳቸው ነው። ድስቱም ከእሳቸው ቤት መጣ። ወሎ ውስጥ ይህ ወግ ነው። የእስላም እርድና የክርስቲያን እርድ አይቀላቀልም፤ እንግዳም ሳይበላ አይሄድም። ሁለቱ ሕግ እንዳይጋጭ ጎረቤት አለ። እሳቸውም የቤታቸውን የጋብቻ ድግስ ሲደግሱ የእስላሙን በሬ የሚያርዱላቸው እኒሁ የአባቴ ወዳጅ ናቸው።

እና ሰውየው በገዛ ገንዘባቸው የገዙትን በግ አንዲት ቁራጭ ሳይቀምሱ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «ብላ እንጂ፣ ምነው ፈራኸው?» እያሉ ጥብሱን ወደኔ ይገፋሉ። እኔ ስበላ እሳቸው ያላምጣሉ። በአፋቸው ምንም የለም፤ ግን ያላምጣሉ። እዚያ ጋ ቁልፌን መጠየቅ አፈርኩ።

ስንወጣ ዱዓ ተደረገ። አሚኑም አሜኑም እኩል ተባለ። ከዚያ ጭነት መጣ። የኔ መኪና ቪትዝ ናት። ግማሽ ኩንታል ማሽላ ከኋላ ገባ። አንድ ጀሪካን የቆላ ማር ተከተለ። እግሩ የታሰረ አውራ ዶሮ ተጨመረ። ለደሴ ሰፈሮች ሦስት የአደራ ፌስታል መጣ፤ አንዱ ለሸዋበር፣ አንዱ ለሰኞ ገበያ፣ አንዱ ለቧንቧ ውሃ። አድራሻው ምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ «እዚያ ስትደርሱ ማንንም ጠይቁ» ተባልኩ። በመጨረሻ አንዲት እናት ከነቋጠሯቸው ገቡ። ደሴ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ሊጠይቁ ነው። ማን እንደጋበዛቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከኮምቦልቻ ደሴ ሽቅብ 600 ሜትር ያህል ነው የሚወጣው። የሚወጣውም በሐረጎ ነው። ጥምዝ በጥምዝ። ቪትዟ የመጀመሪያውን ጥምዝ ወጣች፤ ሁለተኛውን አቃሰተች፤ ከዚያ ከአፍንጫዋ እንፋሎት ለቀቀች።

አባቴን እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። 68 ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ግን ከመኪናው እንደ ረዳት ዘለለ። ድንጋይ ፈልጎ ለኋላ ጎማ ታኮ አደረገ። «ክዳኑን እንዳትነካ! ይበርድ!» ብሎ ጮኸብኝ። ልጆች ውሃ በጀሪካን አመጡ። እናትየው ከመኪናው አልወረዱም። ቋጠሯቸውን ፈትተው ቆሎ ያድሉ ጀመር።

በዚህ መሀል አንድ ተሳቢ ዳር ይዞ ቆመ። ሹፌሩ ሽማግሌ ናቸው። አባቴን አዩት። አባቴም አያቸው። «አንተ ሰው፣ አለህ እንዴ?» ተባባሉ። የጫነው መኪና ዳገት ላይ ቆሞ የሚሌ ሙቀት፣ የአሰብ ዓሣ፣ በ1978 የተሰበረ አንድ ባሌስትራ ሁሉ ተነሳ። ከኋላ መኪናዎች ጥሩንባ ይነፋሉ። ሽማግሌው ሊሄዱ ሲሉ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «ይህ ልጅህ ነው? አግብቷል?» አሉ።

«ቀለበት አስሯል» አለ አባቴ፣ ታኮውን እያነሳ።

ደሴ ስንገባ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሸፍኖታል። ከኮምቦልቻ የለበስኩት ሸሚዝ ደሴ ላይ ምንም አልረዳኝም። አክስቴ በሩን ከፈተች። አልሳመችንም። እዚያው ቆማ፣ «የኮምቦልቻን በግ ስትበሉ ሆድ ነበራችሁ። የኔ ዶሮ ሲደርስ ሆዳችሁ ይሞላል፤ አውቃለሁ» አለች። ወሬው ቀድሞን ገብቷል። በሌሊት የተሠራ ዶሮ ወጥ ቀረበ። ከቅጣት ጋር እኩል በላን።

እሁድ ፌስታል የማደል ቀን ሆነ። እያንዳንዱ ፌስታል አንድ ቤት ነው። እያንዳንዱ ቤት ሦስት ስኒ ነው። ሦስተኛው ፌስታል ሲደርስ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። አይጠየፍ አዳራሽ ዘንድ ስናልፍ አባቴ፣ «ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ማንም ገብቶ ይበላ ነበር፤ የሚጠየፍ የለም» አለኝ። ገባኝ። ሌላው አገር ለጦር ድል ሐውልት ያቆማል። እዚህ እንግዳ ማስበላትን አዳራሽ ሠርተውለታል። እኔ ማነኝና ልቋቋመው?

ከዚያ ለቅሶው መጣ። ሰኞ ገበያ ላይ ሰው አባቴን፣ «የእገሌን ለቅሶ ደርሰሃል?» አለው። ሰውየው የሞቱት ከአራት ወር በፊት ነው። አባቴ አልሰማም ነበር። ፊቱ ወዲያው ወየበ። በሩ ላይ ስንደርስ ጋቢ አለበሰኝ። «ፊትህን አስተካክል» አለኝ። «ምን ላድርገው?» «አትሳቅ፤ ይበቃል።»

ገና ከደጅ፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብሎ ጀመረ። ጥሩ ለቅሶ ነው። እውነተኛም ነው፤ ሁለቱ አንድ ጋቢና ውስጥ ዓመታት አድረዋል። ልክ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ሲል ግን ደጅ ከቆመችው ቪትዝ ውስጥ የኮምቦልቻው አውራ ዶሮ ጮኸ። አንዴ አይደለም። አባቴ ባለቀሰ ቁጥር ይቀበለዋል። የሟች ሴት ልጅ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እንባ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ጸሎት ተደርሶ፣ ንፍሮ ቀርቦ፣ የሟች ባለቤት በጥቁር ነጠላቸው ውስጥ ሆነው ወደኔ ዞሩ። ምን ሊሉኝ እንደሆነ አወቅሁ። ለቅሶ ቤት እንኳ አይምሩም።

«እሱ ሚስትህን ሳያያት ሄደ» አሉኝ።

አባቴ አቀርቅሮ፣ «ለሰርጉ ሊጠራው ነበር» አለ።

በማግስቱ አክስቴ ለማትታወቀው ልጅ አንድ የጥበብ ቀሚስ ሰጠችኝ። ልኳን ጠየቀችኝ። ምን ልበል? «መካከለኛ ናት» አልኩ። እኔም ገባሁበት።

መመለሻችን ሲደርስ አሰላሁ። ኮምቦልቻ ላይ እጮኛ አለኝ። ሐረጎ ላይ ቀለበት አለኝ። ደሴ ላይ የሰርግ ቀን ይጠብቁኛል። በዚያ መንገድ ብመለስ ከሚሴ ሳልደርስ እዳራለሁ። ካርታ አወጣሁ።

«አባባ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «በወረኢሉ በኩል ብንመለስስ? በጃማ፣ በዓለም ከተማ አድርገን ሙከጡሪ ላይ እንወጣለን። መንገዱ ጸጥ ያለ ነው። የምናውቀው ሰው የለም።»

አባቴ ካርታውን አየ። ዝም አለ። መነጽሩን አወለቀ። ስልኩን ከኪሱ አወጣና ደወለ።

«አሎ! ወረኢሉ ናችሁ? ... ኧረ ምንም እንዳታዘጋጁ! ሰላም ብለን ብቻ ነው የምናልፈው። ... ማን፣ ልጄ? አዎ፣ አብሮኝ ነው። ... እሷማ መንገዱ ይከብዳታል ብለን ትተናት መጣን። ወሯ ገብቷል።»