ሲሊንደሩን ልፍታው ብዬ

የቤታችን በር ቁልፍ አልዞር ካለ ሰንብቷል። መጀመሪያ ነካ ነካ ስናደርገው ይታዘዝ ነበር። ቀጥሎ በሩን በትከሻ ገፋ እያደረጉ ማዞር መጣ። በመጨረሻ ባለቤቴ ብቻ የምትችለው ዘዴ ተገኘለት፤ ቁልፉን አስገብቶ፣ አንድ ፀጉር ያህል መለስ አድርጎ፣ እጀታውን ወደ ላይ ደግፎ፣ ትንፋሽ ውጦ ማዞር። እኔ ዘዴው እምቢ እያለኝ ስንት ማታ የገዛ ቤቴን እንደ እንግዳ አንኳኩቻለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁልፉ በከበደ ቁጥር የምግብ ዘይት ጠብ አደርግበት ነበር። ያኔ ዘይት እንዲህ አልተወደደም። ለካ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። የኮንዶሚኒየም ደረጃ አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሁለቱ እዚያች ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ተለውሰው ሊጥ ሆነዋል። ለቁልፍ የሚስማማው ደረቅ ነገር ነው፤ ከእርሳስ ተፍቆ የሚወጣው ጥቁር ዱቄት እንኳ ከዘይት ይሻለዋል። ልጄ ቦርሳ ውስጥ ስድስት እርሳስ እያለ እኔ ጓዳ ገብቼ ዘይት አንጠባጥባለሁ።

«ቁልፍ የሚቀርጸውን ልጅ ጥራው» አለች ባለቤቴ።

ቀኑ የፋሲካ ማግስት ነው። ልጁ ቤተሰብ ጥየቃ አገር ቤት ሄዷል። እውነቱን ለመናገር ባይሄድም አልጠራውም ነበር። ካቻቢቴ ያለው ወንድ ባለሙያ ሲጠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ራሱ ያበላሸዋል፣ ከዚያ ነው የሚጠራው።

የእኛ በር ሲሊንደር፣ ያ ቁልፉ የሚሰካበት ክፍል፣ በሁለቱም በኩል በቁልፍ የሚዘጋ ነው። ጠባዩ ክፉ ነው። ከውስጥ ቁልፍ ተሰክቶ ከቀረ፣ ውጭ ያለ ሰው የፈለገውን ቁልፍ ቢይዝ አይከፍትም። ባለቤቴ ስታኮርፈኝ ይህን ቴክኖሎጂ ጥሩ አድርጋ ትጠቀምበታለች። በማግስቱ «ረስቼው ነው» ትላለች።

ሲሊንደሩን የያዘችው አንዲት ረጅም ብሎን ናት፤ በበሩ ጠርዝ በኩል ትገኛለች። እሷን ፈታሁ። ከዚያ መጎተት ጀመርኩ። አይወጣም። በፒንሳ ሳብኩ። አይወጣም። በመዶሻ ከኋላ መታ መታ አደረግኩ። አርባ ደቂቃ። የጎረቤት ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ በደረጃው ሲወርድ ቆም ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ቁልፉን ሰክተህ ትንሽ አዙረው፤ መሃል ያለችው ምላስ ስለያዘችው ነው» አለኝ። አዞርኩት። ሲሊንደሩ እጄ ላይ ሸርተት ብሎ ወጣ። ልጁን አላመሰገንኩትም። «ልል ስል ነው ያልከኝ» አልኩት።

እዚህ ላይ ባቆም፣ ሱቅ ሲከፈት አዲስ ገዝቼ እገጥም ነበር። ግን ዩቱብ አለ። አንድ ፈረንጅ፣ እንደ ታቦት ማረፊያ በጸዳ ጠረጴዛ ላይ፣ እንዲህ ያለውን ሲሊንደር ፈትቶ አጥቦ ይገጥማል። መሃል ያለችውን ምላስ ከግራና ከቀኝ የያዙትን ትንንሽ ቀለበቶች አወለቀ። እኔም አወለቅኩ። ቁልፉን ሰክቶ ውስጠኛውን ዘንግ ሊያወጣ ሲል፣ «እዚህ ላይ አንድ በጣም አስፈላጊ ነገር አለ» አለና፣ ፓኬጄ አለቀ።

አስፈላጊውን ነገር ማታ ነው ያወቅኩት። ዘንጉ ሲወጣ እኩል ውፍረት ያለው እንጨት ከኋላው እያስከተሉ መግፋት ነበረብኝ። ምክንያቱም በእያንዳንዱ ወገን አምስት ጉድጓድ አለ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት የነሐስ ፍሬ ተደራርቧል፤ ከላያቸው በሞላ ተጨቁነዋል። እንጨቱ ከሌለ ሞላው ነፃ ይወጣል። የእኔ ሞላዎች ነፃ ወጡ። አንዱን ወገን ሳወጣ ጠሽ! አለ። ባለቤቴ «ተው» ስትል እኔ ሁለተኛውን አወጣሁት። ባንድ ወገንማ ሥራ አይቀርም።

ሠላሳ ቅንጣት ዕቃ፣ እያንዳንዱ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፣ ሳሎናችን ውስጥ ተበተነ። ሳሎኑ ደግሞ ለበዓሉ ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል። በቄጤማው ላይ ፈንድሻ ፈስሷል።

በሩ ያለ ቁልፍ ተገርበብ ብሎ ሲታይ የብሎኩ ሰው መግባት ጀመረ። በኢትዮጵያ ክፍት በር ማለት ግብዣ ነው። እትዬ አልማዝ ቀድመው መጡ። ነገሩን ሲሰሙ «ምስር ስለቅም ነው ያረጀሁት» አሉና ሰፌድ አስመጥተው ቄጤማውን ያበጥሩት ገቡ። አምስት ፍሬ አገኙ። ስድስተኛው ቅርንፉድ ሆነ።

ጋሽ ተሾመ ደግሞ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። አጎንብሰው አይፈልጉም። ቆመው ያስረዳሉ። «ይኸን ነገር የግብፅ ሰዎች ያውቁት ነበር» አሉ። «ጥንት በእንጨት ነበር የሚሠሩት፤ ቁልፉ ክንድ ያህላል፣ በትከሻ ነው የሚያዝ። ይህችን ትንሿን ጠፍጣፋ ቁልፍ ያመጣት ሊነስ ዬል የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በ1861 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። አባቱም ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ አባት የጀመረውን ልጅ አሻሻለው።» ይህን ሲሉ እኔን በሐዘን አዩኝ። አባቴ አናጢ እንደነበር ያውቃሉ።

ንግግራቸውን ጨርሰው ቡና ሊጠጡ ሲቀመጡ፣ ከነጠላ ጫማቸው ሥር ሁለት ፍሬና አንድ ሞላ ተሰክቶ ተገኘ።

ማታ ፓኬጅ ገዝቼ የቀረውን አየሁ። አገጣጠሙ ለካ ቀላል ነው። ቁልፉን ዘንጉ ውስጥ ሰክተህ ፍሬዎቹን ትጨምራለህ። የአንዱ ቁመት ከሌላው ይለያል፤ ከቁልፉ ጥርስ ጋር ነው የሚመጣጠኑት። ትክክለኛው ፍሬ ትክክለኛው ጉድጓድ ሲገባ አናቱ ከዘንጉ ገጽ ጋር እኩል ይሆናል። ካለፈ ይቆልፋል፤ ካነሰም ይቆልፋል። አልገጥም ብሎ ከፍ ያለውን ሁሉ አወጣሁት። የጠፋው ጠፍቷል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ በውጭው ወገን ሁለት ጉድጓድ፣ በውስጠኛው ሦስት ጉድጓድ ሞላሁ። ሌላው ባዶ ቀረ። የተረፈውን ሲኒ ውስጥ አጠራቀምኩት። ጎበዝ መካኒክ ዕቃ ይተርፈዋል ይባል የለ?

ገጠምኩት። ቁልፉን ሰካሁ። አቤት ሲዞር! በአንድ ጣት። መለስ ማድረግ የለ፣ ትንፋሽ መዋጥ የለ። ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አሳየኋት። «ጎበዝ» አለች። ከተጋባን ወዲህ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳለችኝ አልቆጥርም፤ ቁጥሩ ይደብራል።

በማግስቱ የብሎኩ ሰው ተራ በተራ መጥቶ አዞረው። ጋሽ ተሾመ ሳይቀሩ «የእኔንም ትፈታልኛለህ» አሉ። የብሎካችን ሲሊንደር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ሰሞን ሌባ በዛ ተብሎ ኮሚቴው ለደኅንነታችን ሲል በጅምላ ገዝቶ ያደለን ነው።

ሐሙስ ማታ እራት ላይ ነን። በሩ ተቆልፏል፤ ራሴ ነኝ የቆለፍኩት፣ ቁልፉንም ነቅዬ ኪሴ ከትቻለሁ። ኮሽታ እንኳ ሳይሰማ በሩ ተከፈተ። ከበላያችን የሚኖረው ጎረቤታችን ነው። ስልክ እያወራ ገባ፣ በሩን ቆለፈ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። የኮንዶሚኒየም ፎቅ እንደሆነ አንዱ ካንዱ አይለይም። ሰውየው ስልኩን ዘጋና ቀና አለ። እኛን አየ። ወጡን አየ። ግድግዳው ላይ ያለውን የሠርግ ፎቶአችንን አየ።

«ሦስተኛ ፎቅ ነው እንዴ?» አለ።

«ሁለተኛ ነው» አለች ባለቤቴ፣ እኔን እያየች።

ደንግጦ ይቅርታ ሲል፣ ጫማውን ሲያጠልቅ፣ «እራት ብላ» ስንለው፣ «በልቻለሁ» ሲል ቆየ። በመጨረሻ በሩ ላይ ደርሶ እጁ ላይ ያለውን ቁልፍ ትክ ብሎ አየው።

«የሚገርመኝ» አለ፣ «የራሴን ቤት እንዲህ ባንዴ ከፍቶልኝ አያውቅም።»